አሮጌ ቮልስ ይዞ አውቶክሮስ መግባት፦ ከሞተሩ በፊት የእግር ሥራ

አዲስ አበባ ላይ የቮልስ ሞተር አውርዶ የሰቀለ ሜካኒክ ይህን መኪና ያውቀዋል፤ የማያውቀው ኮኑን (የመንገድ ምልክት የፕላስቲክ ሾጣጣውን) ነው። አሜሪካ ውስጥ ቮልስ ገዝቶ ያደሰ ሐበሻ ደግሞ ከፎቶ ማንሻነት ሌላ መኪናውን የሚፈትንበት ቦታ ከፈለገ፣ በርካሽ የሚያገኘው አውቶክሮስ ነው። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ወይም አሮጌ የአየር ማረፊያ አስፋልት ላይ በኮን መንገድ ይሠራል፤ መኪኖች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ተፎካካሪው ሰዓት ነው። አንዱ ዙር ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይዘልም፤ በቀን ከሦስት እስከ ስድስት ዙር ይደርሳችኋል። አገር አቀፉ ድርጅት በ1944 የተቋቋመው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ (ኤስ.ሲ.ሲ.ኤ.) ሲሆን፣ ውድድሩን በየአካባቢው የሚያዘጋጁት ቅርንጫፎቹና ሌሎች የመኪና ክለቦች ናቸው። (እዚህ የተጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቮልስ ለዚህ ጨዋታ የሚመች መኪና ነው? ግማሽ በግማሽ። 820 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ቀላል መኪና ናት፤ ሞተሩ የኋላ ጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ ስትነሳ ጎማ አታሽከረክርም። ግን ቁመቷ ከፍ ያለ፣ ጎኗ ጠባብ ናት፤ የኋላ እግሯም (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ያልለመደውን ሰው የሚገለብጥ ጠባይ አለው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ገንዘቡን የሚያፈሰው ካርቡራተርና ማርሚታ ላይ ነው። ስህተት ነው። 1600 ሞተር እንደ ፋብሪካው ሆኖ የኋላ እግሩ የተስተካከለ ቮልስ፣ ሞተሩ ታድሶ እግሩ እንደነበረ የቀረውን ያሸንፈዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአራት ጎማው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

ሜትር አውጡና ሁለት ነገር ለኩ፦ ከመሬት እስከ ጣሪያ ያለውን ከፍታ፣ እንዲሁም ከግራ ጎማ መሐል እስከ ቀኝ ጎማ መሐል ያለውን ስፋት፣ ከፊትም ከኋላም። ያልተነካ ቮልስ ቁመቱ 1.50 ሜትር፣ ስፋቱ ግን 1.30 እና 1.35 ሜትር አካባቢ ነው። አዘጋጆች ቁመታቸው ከጎማ እስከ ጎማ ካለው ስፋታቸው የሚበልጥ መኪኖችን በጥርጣሬ ያያሉ፤ የደኅንነት ኃላፊው ከበር የመመለስ ሥልጣን አለው። ስለዚህ ለአካባቢያችሁ አዘጋጅ የመኪናውን ዓመት፣ ዝቅ ያለበትን ልክና የኋላ እግሩን ዓይነት ጽፋችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ሌሊት ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ነድቶ መመለስ ያናድዳል።

ምድቡንም ቀድማችሁ ጠይቁ። በአውቶክሮስ የምትመደቡት መኪናው ላይ በተነካው ነገር ነው። አንድ ከሚፈቀደው የሰፋ ፓራፋንጎ ወይም የተቀየረ ሞተር ዝግጁ የውድድር መኪኖች ካሉበት ምድብ ሊጨምራችሁ ይችላል። የተለያዩ ምድቦች ሲወዳደሩ ፓክስ በሚባል ማባዣ ሰዓታችሁ ይባዛል፦ ማባዣው 0.800 ከሆነ 50 ሰከንድ የፈጀ ዙር 40 ሆኖ ይቆጠራል። ጀማሪን ስለ ምድብ ሲጨነቅ ማየት ግን ትንሽ ያስቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት የምታሻሽሉት ሰዓት ሁሉ ከነጂው ነው የሚመጣው።

የኋላ እግር

ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከካምቢዮው ወጥቶ እስከ ጎማው የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ከሆነና የላስቲክ ሽፋኑ በካምቢዮው በኩል ብቻ ካለ፣ ስዊንግ አክስል ነው። በየጎኑ ሁለት ሁለት መገጣጠሚያና በመካከላቸው ቀጭን እርቃኑን የሚታይ ዘንግ ካለ፣ አይ.አር.ኤስ. የሚባለው፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት እግር ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከ1969 ሞዴል ጀምሮ አይ.አር.ኤስ. ናቸው፤ በ1968 ፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው አውቶስቲክ ብቻ ነበረው። አይ.አር.ኤስ. ያላችሁ ይህን ክፍል ግማሹን መዝለል ትችላላችሁ። ገና መኪና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ 1969ን ወይም ከዚያ በኋላ ያለውን ግዙ።

ስዊንግ አክስል የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው። ጎማው ወደ ታች ሲወርድ የግድ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ኩርባ ላይ ነዳጅ ስትለቁ ክብደቱ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የመኪናው ጀርባ ብድግ ይላል፤ የውጭ በኩል ጎማ ከሥሩ ይታጠፋል፤ አስፋልቱን የሚነካው የጎማው ጠርዝ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ወይ ጀርባዋ ይወጣል፣ ወይ ትገለበጣለች። መድኃኒቱ ጎማው ያን ያህል እንዳይወርድ ማድረግ ነው፤ ይህም በሦስት ነገር ይሠራል።

አንደኛው ጀርባውን ዝቅ ማድረግ ነው። ቮልስ ከኋላ የሚሸከመው ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ በሚያገለግል የብረት ዘንግ፣ በቶርሽን ባር ነው። ዘንጉ በውስጥ ጫፉ 40 ጥርስ፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። የውስጡ አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ፣ የውጩ አንድ ጥርስ 8.2 ዲግሪ ገደማ ነው። የውጩን አንድ ጥርስ ብቻ ብትቀይሩ ጎማው ጋ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ያ ከልክ በላይ ነው። የውስጡን አንድ ጥርስ ወደ አንድ በኩል፣ የውጩን አንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ብትመልሱ ግን ልዩነቱ 0.8 ዲግሪ ብቻ ይሆናል፤ ጎማው ጋ 6 ሚሊ ሜትር። ለ3 ሳንቲ ሜትር አምስት እንዲህ ያለ እርምጃ ይበቃል። ሥራው በቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦

1. መኪናውን በማቆሚያ ላይ አስቀምጡ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። ጎማውን፣ ከታች የአሞርዛተሩን ቡሎን፣ ከፓራፋንጎው ደግሞ የፊት ለፊቶቹን ቡሎኖች አውጡ፤ አለበለዚያ ዘንጉ ሲሳብ ፓራፋንጎው ያግደዋል።
2. ስፕሪንግ ፕሌት የሚባለው ጠፍጣፋ ብረትና አክስሉ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለቱንም የሚያቋርጥ ጭረት በመሮ ሳሉ። ይህ ጭረት ከሌለ ሲገጠም የጎማው አቅጣጫ ይዛባል።
3. አክስሉን ከስፕሪንግ ፕሌቱ ፈትታችሁ ወደ ኋላ ግፉ፤ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ተጠንቀቁ።
4. የሽፋኑን አራት ቡሎኖች ፍቱ። ስፕሪንግ ፕሌቱ አሁን በቀረጻው ከንፈር ላይ ተጠምዝዞ ተቀምጧል። ሰንሰለት አዙሩበት፣ ከሥሩ ክሪክ ደግፉ፣ ከዚያ በብረት ፈልቅቃችሁ ከከንፈሩ አውርዱትና ክሪኩን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ጣት በዚህ ጊዜ ከሥሩ ከሆነ ይሰበራል፤ ማጋነን አይደለም።
5. በነፃ ተንጠልጥሎ ሳለ ከበሩ ደፍ አንጻር ያለውን ዲግሪ በዲጂታል መለኪያ አንብባችሁ ጻፉ። ጥርሱን ቀይራችሁ እንደገና ለኩ። ሌላውንም ጎን እንዲሁ።

የግራና የቀኝ ዘንጎች አይለዋወጡም፤ በአንድ አቅጣጫ እንዲጠመዘዙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ሲገጠም ጥርሶቹ ላይ ግራሶ ቀቡ፤ የቡሹን ጎማ ግን በታልክ ዱቄት እንጂ በግራሶ አትንኩት፣ ያብጣል። ነጂው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የኋላ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ቢያዘነብሉ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ ሲነሳ መያዣ ያጣል፤ ጎማውም በውስጥ በኩል ያልቃል።

ሁለተኛው ከካምቢዮው ሥር የሚታሠር፣ ሁለቱን የአክስል ቱቦዎች ከታች የሚደግፍ አንድ ቅጠል ያለው ባሌስትራ ነው፤ በሻጮች ዘንድ ካምበር ኮምፔንሴተር ይባላል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ላይ ወደ ሥር እንዳይታጠፉ ይከለክላል። ሦስተኛው ርካሹ ነው፦ አክስሉ ከተወሰነ በላይ እንዳይወርድ የሚያስር የናይሎን ቀበቶ፣ በየጎኑ አንድ።

ስዊንግ አክስል ላይ ከኋላ የፀረ-ማዘንበል ዘንግ አትጨምሩ። ከፊት ግን 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጨምሩ፤ ማዘንበሉን ወደ ፊት ይወስድና ለኋላው እፎይታ ይሰጠዋል። ፊቷ ትንሽ ወደ ውጭ ትገፋለች፤ ይህ የተፈለገ ነው። የምትገፋ ቮልስ ኮን ትመታለች፤ ጀርባዋ የሚወጣባት ቮልስ ግን አምቡላንስ ታስጠራለች።

ፊቱንም ዝቅ ካደረጋችሁ ከኋላው በላይ አታውርዱት። የፊቱ አፍንጫ ሲደፋ መሪው ራሱን የመመለስ ጠባዩን ያጣል፤ በፍጥነት ላይ ይቅበዘበዛል። የግድ ከሆነ ከታችኛው የፊት ቱቦና ከሻሲው መካከል ማዘንበያ ብረት ይገባል፤ ረዘም ያሉ ቡሎኖች አብራችሁ ግዙ። የፊት ጎማዎችን አቅጣጫ ዜሮ ወይም ከፊት 1 ሚሊ ሜትር የተከፈተ አድርጉ።

ጎማና ማርሽ

ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት ቡሎኖቹን ቁጠሩ፦ እስከ 1967 አምስት፣ ከ1968 ጀምሮ አራት ናቸው፤ አይገጣጠሙም። 5.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ብዙ ጊዜ ያለ ጣጣ ይገባል። ጎማው ትሬድዌር ቁጥሩ (ጎማው ቶሎ ወይም ዘግይቶ ማለቁን የሚያሳየው) 200 የሆነ ለመንገድ የተፈቀደ ይሁን። በ15 ኢንች በቀላሉ የሚገኙት 195/50 እና 205/50 ናቸው።

እዚህ ላይ ማንም የማይነግራችሁ ዋጋ አለ። የፋብሪካው 165/80 ጎማ ቁመቱ 64.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 205/50ው 58.6 ብቻ። ስለዚህ ማርሹ ሁሉ ያጥራል። የ1600ው ካምቢዮ ሁለተኛ ማርሽ 2.06፣ የመጨረሻው ጥርስ 4.125 ቢሆን፣ ሞተሩ በደቂቃ 4,500 ሲዞር በአሮጌው ጎማ በሰዓት 62 ኪሎ ሜትር፣ በአጭሩ 57 ገደማ ላይ ትደርሳላችሁ። ያልተነካ ሞተር ከዚያ በላይ ሲጎተት ይጮሃል እንጂ አይሄድም። መንገዱ ቀጥ ያለ ቦታ ካለው ሦስተኛ ማስገባት ግድ ነው፤ ቮልስ ላይ ያ ለውጥ ረጅም ነው። መንገዱን በእግር ስትዞሩ የት ሦስተኛ እንደምታስገቡና የት እንደምትመልሱ ቁረጡ። በጥርጣሬ ላይ ከሆናችሁ ሦስተኛ ላይ ቆዩ፤ ይህ ሞተር ከታች ጥሩ ይስባል።

ሁለተኛ ፍለጋ ማርሹን የምታማስሉ ከሆነ ካምቢዮውን አትውቀሱ። ከኋላ ወንበሩ ሥር በትንሹ ክዳን ውስጥ ያለው የማርሽ ዘንግ መገጣጠሚያ ቡሹ አልቆ ነው፤ ዋጋው ትንሽ፣ ሥራው የአንድ ሰዓት ነው።

የጎማ ነፋስ በ23 ከፊት፣ በ29 ከኋላ ጀምሩ (ፒ.ኤስ.አይ.)። የጎማው ትከሻ ላይ ከጎኑ እስከ መርገጫው በጠመኔ መስመር ሳሉ። ከዙሩ በኋላ ጠመኔው ከጠርዙ አልፎ ወደ ጎን ከተጠረገ 2 ጨምሩ፤ ጠርዙ ጋ ሳይደርስ ከቆመ 2 ቀንሱ።

ሞተሩ እንዳይሞት፣ መኪናውም እንዳይቃጠል

ቮልስ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ በኩል ይሸሻል፤ ፓምፑ አየር ይስባል። በኩርባ መካከል የዘይት መብራት ብልጭ ካለ ያ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ጉዳት ነው፤ ነዳጅ ልቀቁ ቢባልም ስዊንግ አክስል ላይ በድንገት አይለቀቅም፣ ስለዚህ ቀድሞ መከላከል ነው የሚያዋጣው። ከሥሩ ተጨማሪ የዘይት ማጠራቀሚያ ግጠሙ፤ 1.5 ኳርት የሚጨምረው ይበቃል፣ ነገር ግን ከአስፋልቱ ያለውን ርቀት ለኩ። ይህ እስኪሆን ድረስ ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ ይሁን።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሁሉም 0.15 ሚሊ ሜትር። ዲስትሪቢውተሩ 009 የሚባለው ያለ ቫኪውም የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ነዳጅ በድንገት ስትረግጡ የመተንፈስ ያህል ቆም ይላል፤ አውቶክሮስ ደግሞ መርገጥና ማንሳት ነው። በቫኪውም የሚሠራ ዲስትሪቢውተር ይህን ይፈታል። የቫኪውም ቱቦውን ነቅላችሁ ከ3,000 ዙር በላይ የካንዴላው ብልጭታ ሙሉ ቅድሚያ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ መካከል መሆኑን በታይሚንግ መብራት አረጋግጡ።

እሳትን በተመለከተ ቮልስ ሁለት የታወቁ በደሎች አሉባት። አንዱ ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበት የነሐስ ቱቦ ነው፤ ተጭኖ እንጂ ታስሮ አልገባም፣ በጊዜ ብዛት ይላላና ቤንዚኑ ትኩስ ሞተር ላይ ይረጫል። በጣታችሁ ስታዞሩት ከተንቀሳቀሰ አልቋል። የቤንዚኑን የላስቲክ ቱቦዎችም ቀይሩ፤ ጨርቅ የለበሰው አሮጌ ቱቦ ስንጥቁን ይደብቃል። የቤንዚን ማጣሪያው ከዲስትሪቢውተሩ በላይ ተንጠልጥሎ ካገኛችሁት ወደ ካምቢዮው ጎን አውርዱት። ሁለተኛው ባትሪው ነው፦ ያለው ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው፤ ሽፋኑ ከሌለ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ምሰሶ ሲነካ ወንበሩ በእሳት ይያያዛል። ባትሪውን እሠሩት፣ ምሰሶውን ሸፍኑት። ከውድድሩ በፊት መኪናውን የሚመረምረው ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ያንን ወንበር ነው።

ሌሎች ነጂዎች ለክብደት ሲሉ ሳልባትዮአቸውን ያጎድላሉ። የእናንተ ሳልባትዮ ከፊት ስለሆነ ግማሽ አድርጋችሁ ግቡ፤ የፊት ጎማዎቹ ያንን 15 ኪሎ ይፈልጉታል።

ፍሬንና ትልቁ ዳዶ

ታምቡር ፍሬን ለአንድ ደቂቃ ዙር ይበቃል፤ ግን የተስተካከለ መሆን አለበት። በታምቡሩ ቀዳዳ ኮከቡን ጎማው እስኪያዝ አጥብቃችሁ፣ በነፃ እስኪዞር ብቻ መልሱት። አራቱም እኩል ካልሆኑ መኪናዋ ስትያዝ ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች።

የኋላ ታምቡር የሚታሰርበት ትልቅ ዳዶ 36 ቁጥር ቡሶላና ረጅም ቧንቧ ይፈልጋል፤ ልኩ 217 ፓውንድ-ጫማ፣ ወደ 294 ኒውተን ሜትር ነው። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምራችሁ አጥብቁ እንጂ አትመልሱት። ጥቂት ማይል ከተነዳ በኋላ እንደገና ተመልከቱት። ይህ ዳዶ ከላላ የታምቡሩ ጥርስ ይበላና ጎማው ይሄዳል፤ በተለይ በየዙሩ በሚነሳ መኪና ላይ።

የውድድሩ ቀን

መርማሪዎቹ የሚያዩት ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ቀልድ የለም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቀንቃሉ፣ የነዳጅ ካቦው ሲለቀቅ በፍጥነት መመለሱን ያያሉ (ተጨማሪ መመለሻ ሞላ ጨምሩ)፣ የሚንጠባጠብ ነገር፣ የጎደለ ቡሎን፣ የላላ ወንበር ይፈልጋሉ። የቮልስ ወንበር ከሐዲዱ ሊዘል ይችላል፤ ማቆሚያውን ፈትሹ። ምንጣፍ፣ ክሪክ፣ የቸርኬ ሽፋን ሁሉ ይውጣ። ሄልሜቱ የስኔል (የሄልሜት ደኅንነት መለኪያ) ማህተም ያለበትና ከቅርብ እትሞች የሆነ ይሁን፤ ቁጥራችሁ ቢያንስ 8 ኢንች፣ የምድቡ ፊደል 4 ኢንች ይሁን። የቀለም ቀቢዎች ሰማያዊ ፕላስተር ለዚህ ፍጹም ነው።

መንገዱን ሦስት ጊዜ በእግር ዙሩ፤ አንዱን ብቻችሁን፣ ወሬ ሳይኖር። የተኛ ኮን ጫፉ የሚጠቁመው በየት በኩል እንደምታልፉ ነው። የቆመ ኮን ከወደቀ ወይም በሥሩ ከተሠመረው ሳጥን ሙሉ በሙሉ ከወጣ 2 ሰከንድ ይጨመራል፤ በር (በኮኖች መካከል የተከለለ መተላለፊያ) ከዘለላችሁ ዙሩ አይቆጠርም።

ሰዓቱ የሚጀምረው ከመነሻው ጥቂት ሜትር አልፎ ነው፤ ስለዚህ መነሻው ላይ አትቸኩሉ። በ2,500 ዙር ፍሪሲዮኑን ፈጥናችሁ ልቀቁ፣ ወዲያው ሁለተኛ። ከኩርባ በፊት ፍሬኑን መሪው ቀጥ ባለበት ጨርሱ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ከዚያ እግራችሁ ከነዳጁ ላይ ሳይነሣ ውጡ። የምትፈሩት ቦታ ስላሎሙ፣ በመስመር የተደረደሩ ኮኖችን ግራና ቀኝ እየታጠፋችሁ የምታልፉበት ነው፦ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ኮን ላይ ፍጥነቱ በዝቶ ነጂው ድንገት ነዳጅ የሚለቅበት። ገና መጀመሪያው ኮን ላይ በዝግታ ግቡና እኩል ነዳጅ እየሰጣችሁ እየጨመራችሁ ውጡ። መሪውን ኮኑ ጋ ሳትደርሱ ጀምሩ፤ ዓይን የሚያየው ቀጣዩን ኮን ነው። ጀርባዋ ከወጣ መሪውን ወደ ወጣችበት መልሱ፣ ነዳጁን ሳትለቁ ያዙ። መዞሯ ካልቀረ ፍሪሲዮንና ፍሬን ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ርገጡ።

ግማሹን ቀን ኮን በማንሣት ታገለግላላችሁ፤ ጀርባችሁን ለሚሮጥ መኪና አትስጡ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ወደ ቤት ከመነሣታችሁ በፊት የጎማ ቡሎኖችን በቶርክ ቁልፍ፣ ዘይቱን በዘንጉ፣ ቺንጊያውን በአውራ ጣት ፈትሹ። ቺንጊያው ሲጫን 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ከላላ በ21 ቁልፍ የጄኔሬተሩን ፑሌጃ ፈትታችሁ ከሁለቱ ቁራጮች መካከል አንድ ቀጭን ሮንዴላ አውጡና ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር አድርጉት፤ አትጣሉት፣ ቺንጊያው ሲቀየር ወደ ቦታው ይመለሳል። ማራገቢያውን የሚያዞረው ይኸው ቺንጊያ ስለሆነ ከተበጠሰ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ አንድ ትርፍ ከ21 ቁልፉ ጋር አብሮ በመኪናው ውስጥ ይኑር።